ሁለት ቢሊዮን ምናምን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ቁጥር ላወራችሁ ነው። 2,147,483,647። ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን... ይብቃን፣ ሁለት ቢሊዮን ምናምን እንበለው።

የተዋወቅነው ሥራ ላይ ነው። ኮድ መጻፍ ገና ጀማሪ ሳለሁ የደንበኞችን ስልክ የሚመዘግብ ሲስተም ሠራሁ። በ09 በሚጀምሩት ሞከርኩት። ዜሮዋን ይበላታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ከዚያ አለቃዬ፣ «ከፊቱ 251 ይግባበት» አለኝ፤ አስገባሁ። በማግስቱ ስከፍተው የሁሉም ደንበኛ ስልክ አንድ ዓይነት! የአቶ እገሌም የወይዘሮ እገሊትም 2147483647። እውነቴን ነው፣ የሆነ ሰው ቁጥር መስሎኝ ልደውልለት ነበር።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ስልክን እንደ ጽሑፍ ማስቀመጥ ሲገባኝ እንደ ቁጥር አስቀመጥኩት። የሰጠሁት ቦታ 32 ቢት ነው፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ ቤት ናት። አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክቱ ይሄዳል፣ 31 ይቀራል። 31 ሁለቶችን አባዙና አንድ ቀንሱ፤ ጣሪያው እሱ ነው። 251 ያለው ስልክ ከጣሪያው በላይ ስለሆነ ዳታቤዙ ምንም ሳይል ሁሉንም ጣሪያው ላይ ለጠፋቸው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ቁጥሩን ላካፍለው ሞከርኩ። ለ3፣ እምቢ። ለ7፣ እምቢ። ለካ ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር ያሉን ነው፣ ፕራይም። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም። ያን ሁሉ ደንበኛ ሰብስቦ ብቸኛ!

ይህን ያረጋገጠው የሂሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ በፈረንጆቹ 1772፣ ሴንት ፒተርስበርግ ሆኖ። ያኔ ዓይኑ ማየት ትቶ ነበር ማለት ይቻላል። በደረቁ ቢሄድበት እስከ 46,340 (46,341 በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን ስለሚያልፍ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም) ያሉትን 4,792 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ መሞከር ነበረበት። እሱ ግን አንድ ነገር አየ። ይህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 ሊተርፈው ግድ ነው። በዚህ ወንፊት ሲነፉ መቶ የማይሞሉ ቀሩ። እኔ ብሆን እስካሁን እያካፈልኩ ነበር።

ሌላም አለ። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው፤ መነሻው በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በ32 ቢት የሚቆጥሩት አሮጌዎቹ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ቦታ ያልቅባቸዋል። በቀጣዩ ሰከንድ ወደ 1894 ይመለሳሉ፣ ምኒልክ ዘመን! ፈረንጆቹ ቀኑን ጃንዋሪ 19፣ 2038 ይሉታል። ወደ እኛ ቀየርኩት። ጥር 11፣ 2030። ጥምቀት! ሰዓቱ ደግሞ ከጠዋቱ 12 ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። አላመንኩም፣ ሦስቴ ቆጠርኩት።

አዲሶቹ ስልኮች በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ ግድ የላቸውም። የሚያሳስበኝ የሆነ ጥግ ተሰክቶ የተረሳው ዕቃ ነው። ያ የድሮ ሲስተሜም እስካሁን ይሠራል አሉ። እኔ በዚያን ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ጃንሜዳ ነኝ። ስልክ አላነሳም።