«ሂጀ» ብላ ነው የጻፈችው

እሺ... እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ? ዛሬም መብራት የለም፣ በስልክ ነው የምቀዳው። አውራ ዶሮውም እንደምታውቁት አጥሩ ላይ ነው፣ ከጮኸ ችላችሁ ስሙት። ባለፈው የጀመርኩላችሁን የሞጣ ጉዞ ዛሬ አልጨርሰውም። ሌላ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ።

የተውኔቶቹን ነገር ታውቃላችሁ። የ11ኛ ክፍል ልጆቼን አጭር ተውኔት ጻፉ ያልኳቸው። ጻፉ። ሦስት ሴክሽን ሙሉ። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሳርም ከረምኩ። ከ20 ነው የሚያዘው፤ ጭብጥ 5፣ ሴራ 5፣ ገጸ ባሕርይ 5፣ ቋንቋ 5። ሰንጠረዡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም። ይህን ያዙልኝ።

አብዛኞቹ ተውኔቶች አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚካሄዱት። ሳሎን አለ፣ ሶፋ አለ፣ ባለሀብት አባት አለ፣ ውጭ አገር የምትሄድ ልጅ አለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው መኪና ይገጨዋል። ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ የቴሌቪዥን ድራማ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ጸሐፊዎቹ ግን ከገጠር መጥተው ሦስትና አራት ሆነው ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ በእግራቸው የሚሄዱ ልጆች ናቸው። አልፈርድባቸውም። ተውኔት ማለት ያ መስሏቸዋል። ከ20 16፣ 17 ሰጥቻለሁ፤ ፊደላቸው ንጹሕ ነው፣ አረፍተ ነገራቸው አይደናቀፍም።

ከዚያ የእሷ መጣ። ስሟን አልጠራም። አራት ገጽ ናት፣ ከደብተር የተገነጠለች። አንዲት አያትና የልጅ ልጇ። ልጁ ትምህርቱን ትቶ መተማ ሊወርድ ነው፣ ለሰሊጥ ሥራ። ነገሩ ከክፍላችን ሩቅ አይደለም፤ በየዓመቱ ወንበሩ ባዶ የሚሆን ልጅ አለ። መድረኩ ላይ ምንም የለም፣ ምድጃና አንድ ከረጢት ብቻ። ከንግግሩ በላይ ደግሞ የመድረክ መግለጫው ይበዛል። «አያት በሶውን ትቋጥራለች። ትፈታለች። አንድ እፍኝ ትጨምራለች። እንደገና ትቋጥራለች።» ይህ አራት ጊዜ ይመጣል። እኔ ሦስተኛው ላይ በቀይ ምን ብዬ ጻፍኩ መሰላችሁ? «ድርጊቱ ተደጋገመ።»

ቆይ፣ ዋናው እሱም አይደለም።

አያትዬዋ አንድ ቦታ ላይ «ሂደህ ስትመጣ እኔን ኸዚህ ታጣኝ ይሆናል» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ሰው ሁሉ ሂዶ የለ፣ እኔም ሂጀ እመጣለሁ» ይላታል። እኔ «ሂደህ» የሚለውን ሰረዝኩና «ሄደህ» አልኩ። «ኸዚህ»ን ሰረዝኩ፣ «እዚህ»። «ሂጀ»ን ሰረዝኩ፣ «ሄጄ»። አራቱም ገጽ ላይ እንዲሁ። ሲያልቅ ወረቀቱ ቀልቷል። ለቋንቋ ከ5 1 ሰጠኋት። በድምሩ 11።

ወረቀቱን በመለስኩ ማግስት በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል መጣች። በሩ ላይ ቆመች፣ ግቢ እስክላት አልገባችም። ወረቀቱን ዘረጋችና ጣቷን «ሄጄ» ላይ አደረገች፣ እኔ የጻፍኩት ላይ። «ቲቸር፣ እምየ እንዲህ ብላ አታውቅም» አለችኝ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ ክርክርም አይመስልም። የምታውቀውን ነገር ነው የነገረችኝ። እኔም «ገባኝ፣ ግን በጽሑፍ እንዲህ ነው የሚባለው» አልኳት። ሻይ በእጄ ነበር። ወደ ሻዬ ተመለስኩ። እሷ «እሺ» አለች። ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጠፈችው፣ ከዚያ አራት ቦታ፣ ደብተሯ መሐል ከተተችውና ወጣች።

ያ «እሺ»... ስንት ጊዜ «እሺ» ተብያለሁ፣ አስተማሪ ነኝ እኮ። ይኼኛው ግን አልለቀቀኝም። ማታ ተኝቼ ወረቀቱ ሲታጠፍ ድምፁ ይሰማኛል። ደግሞ «እምየ» ነው ያለችው። «ገጸ ባሕርይዋ» አላለችም።

በዚያው ቀን ማታ እማየ ደወለች። «የት ሂደህ ነው ስልክ የማታነሳው?» አለችኝ። እኔም «ገበያ ሂጀ ነበር እማየ» አልኳት። አልኩና ዝም አልኩ። «ምነው ልጀ፣ ተቋረጠ?» እያለች ነው እሷ። አልተቋረጠም። እናንተ ጋ ግን ይኸው ሦስት ዓመት «ሄጄ» ስል ነው የኖርኩት። ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም። ማን እንደሰረዘብኝ ማለቴ ነው።

አባቴ ልጅ ሆኖ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሯል፣ ነግሬያችኋለሁ። ተማሪው ቀኑን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በቃሉ ሲያዘጋጅ ይውላል፣ ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭሯ ቅኔ ከሆነች ሁለት ቤት ናት፣ ሁለት መስመር። የኔታ ይሰሙና ያቃናሉ። ከ20 የሚባል ነገር የለም። የኔታ መጀመሪያ ይሰማሉ፣ በጆሮ። ዮፍታሔ ንጉሤን አስቡት፣ የዚሁ የጎጃም፣ የደብረ ኤልያስ ሰው ነው። ከቅኔ ቤት ወጥቶ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ተማሪ ቤት እያስተማረ ተውኔት የጻፈ። በአማርኛ ተውኔት መጻፍ ገና ጅምር በነበረበት ጊዜ። ጆሮው የተሳለው እዚህ ነው። ክፍል ውስጥ በኩራት ነው የማስተምረው ይህን።

ግን ደግሞ የኔታም እኮ አይምሩም፣ ቅኔዋ ካልሆነች አልሆነችም ነው። እና ልጅቷ ነገ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ «ኸ» ብላ ስትጽፍ የሚስቅባት ሰው አለ። እኔ እሱን ነበር የፈራሁላት። የእውነት። ግን ማመልከቻ አልጻፈችም። አያት ነው የጻፈችው። ሁለቱን ለይቶ ማረም... ሰንጠረዡ ላይ የት ነው የማስገባው? «ቋንቋ 5» ነው የሚለው፣ የማን ቋንቋ እንደሆነ አይልም። እኔ ነኝ ያላልኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት ለብቻዬ ክፍል ውስጥ ያቺን ገጽ ጮክ ብዬ ለማንበብ ሞከርኩ። ወረቀቱ እሷ ጋ ነው፣ የማስታውሰውን ነው ያልኩት። «ሂደህ ስትመጣ እኔን ኸዚህ ታጣኝ ይሆናል።» ከዚያ ደግሞ እኔ ባረምኩት። የእኔው የማንም ሴት አይደለችም። በሶ የምትቋጥር ሴት አይደለችም። አራቱ መቋጠርም ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ካልቋጠረችው እኮ አይሄድም።

ሐሙስ ኮሪደር ላይ አገኘኋትና ለወላጆች ቀን መድረክ ላይ እናውጣው ወይ አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ትንሽ አሰበችና «የትኛውን፣ ቲቸር?» አለችኝ። ደወል ተደወለ። እኔም... ምንም አላልኩም። የአንቺን ማለት እንዴት ያቅታል? አፌ ላይ ነበረ እኮ።

ሮስተር ሰኞ ይገባል። 11 እንደሆነ ነው ያለው። ብቀይረው የሌሎቹስ፣ «ሂጀ» ብለው መጻፍ እየፈለጉ ሶፋ የጻፉት? እነሱን ምን ብዬ... ወረቀቱን አምጪልኝ ልላት ነው፣ እንደገና ላንብበው። ታምጣው አታምጣው ግን...

ቆይ፣ መብራት መጣ መሰለኝ።