የዛፍ ጢም ሙጀሌ አለው? ለጌጥ ከመዘርጋታችሁ በፊት

ሰላም ቤተሰቦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ከሱሉልታ፣ ከግቢያችን ጥድ ሥር ሆኜ ነው የማወራችሁ። ነፋሱ ድምፄን ከረበሸባችሁ ይቅርታ።

በእጄ የያዝኩትን አያችሁት? ይህ ግራጫ፣ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገው። ለአበባ ማሰሮ አፍ፣ ለሠርግ አዳራሽ፣ ለረከቦት ጥግ የምንገዛው። የዛፍ ጢም የምለው ይህን ነው፤ በእንግሊዝኛ ስፓኒሽ ሞስ ይሉታል። ከስፔን አልመጣም፣ ሞስም፣ ማለትም እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ምንጣፍ መሳይ ነገርም አይደለም። የአናናስ ዘመድ ነው፤ አዎ፣ የአናናስ! አገሩ ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እስከ አርጀንቲና ነው። ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ የዛፉን ምግብ አይመጥጥም፤ ውኃውን በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች ከዝናብና ከጤዛ ይወስዳል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ብዙዎቻችሁ «ሙጀሌ አለው፣ ቤት አታስገቡት» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። የለውም! ስሙ ነው ያሳሳተን። አሜሪካኖች ይህን ጢም ሲነኩ የሚፈሩት ቺገርን ነው። ሙጀሌ ደግሞ በእንግሊዝኛ ጂገር ነው። ቺገርና ጂገር! ሙጀሌ ቁንጫ ናት፤ እግር ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች። እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በመርከብ አንጎላ ደርሳ ነው አፍሪካን ያዳረሰችው። ቺገር ግን የመዥገር ዘመድ የሆነች የጥቃቅን ፍጥረት እጭ ናት፤ ቆዳ ነክሳ፣ አሳክካ ትወድቃለች፤ ሥጋ ውስጥ አትገባም።

ቺገሯም ብትሆን የምትኖረው መሬት ላይ ነው። ጋቢ አስቡ። እናቴ ጋቢ አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ገመድ ላይ እስካለ ምን ያገኘዋል? ፀሐይና ነፋስ። ነፋስ አውርዶት ሣር ላይ ካደረ ግን? ጉንዳኑ፣ ሸረሪቱ፣ ስሙን የማናውቀው ሁሉ ገብቶበት ያድራል። እናቴ «አራግፈሽ አምጪው» የምትለኝ ያኔ ነው። ይህም እንደ ጋቢው ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ ያለውና ከመሬት የተለቀመው አንድ አይደሉም። ቅርንጫፍ ላይም ባዶ ነው አልልም፤ ኑሮዋን እሱው ላይ ያደረገች ዘላይ ሸረሪት አለች፣ የሌሊት ወፍም ይጠለልበታል። ገበያ ላይ ስትገዙት የት እንደነበረ አታውቁም። ስለዚህ ማጽዳት ግድ ነው።

አጸዳዱ ቀላል ነው። ደጅ ላይ በደንብ አራግፉት፣ ጭራሮውን ልቀሙለት፣ የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ንከሩት፣ ጨምቃችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ውስጡ እርጥበት ካለው ይሻግታልና እስኪንኮሻኮሽ ጠብቁ። በሕይወት ያለ፣ ውኃ ሲነካው አረንጓዴ የሚሆን ካላችሁ ግን አትቀቅሉት፤ ይሞታል።

አንድ ነገር አደራ። መናገሻ ሱባ ደን ሄዳችሁ ከጥዱ ላይ የዛፍ ሽበት ቀጥፋችሁ የምትመጡ አላችሁ። እሱ ሌላ ነው፤ ፈንገስና አልጌ ተጋግዘው የሚኖሩበት፣ እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ነው። ክሩን ቀስ ብላችሁ ስትስቡት መሃሉ ላይ ነጭ፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ጅማት ታያላችሁ፤ በዚያ ትለዩታላችሁ። እባካችሁ እዚያው ተዉት።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። ረከቦቱ ጥግ ስታስቀምጡት ደግሞ ከከሰሉ አርቁት፤ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ይቀጣጠላል። ይህ የቀቀልኩት እስከ ሳምንት ይደርቅልኛል፤ ማሰሮው አፍ ላይ ስናስረው እንገናኝ።