አምስቱ ባዶ አልጋዎች

የተከበራችሁ አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዘንድሮ ሦስት የአንድ ቀን ጉዞ ሄደናል፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ወስደናል፣ አዳዲስ አባላት አግኝተናል። ደስ ይላል። ዝርዝሩ ሪፖርቱ ላይ ስላለ አላነበውም።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ የኦተር ትሬይል ጉዳይ ነው።

ደቡብ አፍሪካ፣ ጺጺካማ ውስጥ ያለው ይህ የባሕር ዳርቻ የእግር ጉዞ መንገድ በቀን ከ12 ሰው በላይ አያስገባም። አምስት ቀን፣ አራት ሌሊት። ቦታው ከብዙ ወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም። እኛ 12ቱንም ያዝን። "በኋላ እንከፍላለን" ስለተባለ ማኅበሩ ከካዝናው ከፈለ። የሄድነው ግን ሰባት ነን።

አንዱ ሥራ በዛብኝ አለ። አንዷ ጉልበቴን አመመኝ አለች፤ እሺ፣ እግዜር ይማርሽ። ሦስቱ ስልክ አላነሱም። እስካሁንም አላነሱም።

ማታ ማታ የሚታደረው በሁለት ጎጆ ነው፤ በየጎጆው ስድስት አልጋ። ስድስቱ አንዱን ሞሉት። እኔ ታንኮራፋለህ ተብዬ ወደ ሌላው ተላክሁ። አራት ሌሊት ከአምስት ባዶ አልጋ ጋር አደርኩ። በእያንዳንዱ ላይ ማን መተኛት እንደነበረበት አውቃለሁ።

በአራተኛው ቀን ብሉክራንስ ወንዝ አለ። የምንሻገረው ባሕር በሚገባበት አፉ ላይ ስለሆነ፣ ባሕሩ ሲሸሽና ውሃው ሲጎድል መድረስ ያስፈልጋል። በጨለማ፣ የግንባር ባትሪ አብርተን ተነሳን። ቦርሳችንን የጠቀለልነው በቆሻሻ ላስቲክ ነው። ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ልንገዛበት ያሰብነው ገንዘብ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቷላ! መሃል ላይ የአንዲት እህታችን ቦርሳ ከእጇ አመለጠ። ላስቲኩ ተነፍቶ ወደ ባሕሩ ሲንሳፈፍ ሁለት ልጆች ደርሰው ጎተቱት። ማዶ ደርሰን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ እርጥብ ዳቦ ስንካፈል በእነዚህ ሰዎች የኮራሁትን ያህል በማንም ኮርቼ አላውቅም።

አምስቱ ዛሬም አልመጡም። ጎረቤት የሆናችሁ በራቸውን አንኳኩልኝ። ዕዳው ይቅር ብትሉኝ ሊቀመንበርነቱን ለሌላ ስጡት።

ለሚቀጥለው ጉዞ ግን ሳይከፍል የሚመዘገብ የለም። ሒሳብ ሹማችን ደረሰኛቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ለሻይ ስትወጡ በእሳቸው በኩል እለፉ።