ከግብዣው በፊት ውሃው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከድሬዳዋ ነው የማወራችሁ። ድምፁን እንዳያበላሸው ማራገቢያውን አጥፍቼዋለሁ፤ ስለዚህ ላብ በላብ ሆኜ ነው የምቀዳው።

ዛሬ ስለ ሥራ ቦታ ነው የማወራው። የሠራተኛ ሞራል ስለሚባለው ነገር። ብዙ ድርጅት ውስጥ ሞራል ሲባል የሚታሰበው በዓመት አንዴ የሚደረግ ዝግጅት ነው። ቲሸርት ይታተማል፣ አውቶቡስ ይከራያል፣ በግ ይታረዳል፣ ሥራ አስኪያጁ ንግግር ያደርጋል። ሰው ይበላል፣ ይጨፍራል፣ ፎቶ ይነሳል። ሰኞ ጠዋት ፊርማ ላይ ስትቆሙ ግን ያው የከፋው ፊት ነው የምታዩት። ግብዣ አልጠላም። አብሮ መብላት ደስ ይላል። ግን ሰው አንድ ቀን ተደስቶ ዓመቱን ሙሉ እየተማረረ ከሠራ፣ የጎደለው ሌላ ግብዣ አይደለም።

እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት ከጭነት ጋር ነው። መጋዘን፣ ትራንዚት፣ የጉምሩክ ወረቀት። የድሬ ሰው ይሄን ሥራ ያውቀዋል። ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙው ቤተሰብ በሆነ መንገድ ከጭነት ጋር የተነካካ ነው። አንዱ ይጭናል፣ አንዱ ያስፈታል፣ አንዷ ለጫኞቹ ሻይ ታፈላለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው ድርጅት ነው። የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ውጪው 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኮንቴይነር ውስጥ ገብተው የሚያራግፉ ልጆች አሉ። ኮንቴይነሩ ብረት ነው፤ ግድግዳውን በባዶ እጅ መንካት አይቻልም። ጆንያውን ትከሻቸው ላይ ያደርጉና ይወጣሉ፣ አውርደው ይመለሳሉ። ቀዝቃዛ ውሃ የሚሰጠው ማሽን የት ነው ያለው? ቢሮ ኮሪደር ላይ፣ ኤሲ ካለበት ክፍል አጠገብ። የመጋዘን ልጆች ሲጠማቸው ግቢውን አቋርጠው፣ ጫማቸውን አራግፈው፣ ፀሐፊዋን አስፈቅደው ነው የሚጠጡት። ኋላ ላይ ወለሉ ይቆሽሻል ተብሎ እሱም ተከለከለ። ከዚያ በጀሪካን ከቤት ይዘው መምጣት ጀመሩ። ቀትር ላይ የጀሪካኑ ውሃ ሻይ ለመሆን ቅጠል ብቻ ነው የሚቀረው።

በዚያው ዓመት ድርጅቱ ለሠራተኛው ግብዣ አደረገ። ጥሩ ግብዣ ነበር። አንድ ጫኝ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «አቦ፣ ይሄ ሁሉ ለስላሳ እንዲህ ቀዝቅዞ ከየት መጣ?» አለኝ። አጠያየቁ ክፋት የለውም። የእውነት ገርሞት ነው። ማቀዝቀዣም በረዶም ማምጣት እንደሚቻል ያን ቀን አየ። ለእሱ ሥራ ቀን ግን አልመጣም። ያ ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቆይቶ ሌላ ኃላፊ መጣ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የዋለው መጋዘን ውስጥ ነው። ከዚያ የውሃ ማሽኑን ከኮሪደር አስነቅሎ መጋዘኑ በር ላይ አስቀመጠው። አሁን የቢሮ ሰዎች ናቸው ሲጠማቸው ግቢውን የሚያቋርጡት። መጥተውም እዚያው ቆመው ያወራሉ። ሂሳብ ክፍል ያለችው ልጅ የጫኞቹን ስም ማወቅ ጀመረች። ቀጥሎ ከባዱን ማራገፍ ወደ ጠዋት አዛወረው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተጀምሮ አምስት ሰዓት ላይ ያልቃል። ቀትር ላይ የሚሠራው ቀላሉ ነው፤ ቆጠራ፣ ምልክት መለጠፍ፣ ወረቀት ማስተካከል።

ድሬ እኮ ድሮም የምትኖረው እንዲህ ነው። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ቤቱ ይገባል፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ከተማው እንደገና ይከፈታል። ከዚራ ላይ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው የቆሙትን ዛፎች አስቧቸው። እነሱ ባይተከሉ በቀትር በዚያ መንገድ ማን ይሄድ ነበር? ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር መጋዘንና ፋብሪካ ውስጥ ስንገባ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም። የአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓት ተገልብጦ ይመጣና እንዳለ ይለጠፋል። እዚያ ሰው ሹራብ ለብሶ ነው የሚሠራው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ የሚቀዘቅዘው በጫት ነው የሚሉ አለቆች አሉ። የጫቱን ነገር አልክድም፤ ሥራ ያበላሸበት ቦታ አውቃለሁ። ግን በዚያ ሙቀት ውስጥ ውሃ ሳይሰጡ የሰውን መድከም ሁሉ በበርጫ ማሳበብ ልክ አይመስለኝም።

ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ፒትስበርግ አካባቢ የሚሠሩ 200 ገደማ መሐንዲሶችንና የሂሳብ ባለሙያዎችን አነጋገረ። ሥራችሁ ላይ በጣም የተደሰታችሁበትን ጊዜ ንገሩኝ፣ በጣም የከፋችሁንም ጊዜ ንገሩኝ አላቸው። ውጤቱ በ1959 እ.ኤ.አ. ታተመ። ያስከፋቸው በብዛት የድርጅቱ አሠራር፣ የአለቃው አያያዝ፣ ደሞዙ፣ የሥራ ቦታው ሁኔታ ነው። ያስደሰታቸው ደግሞ አንድ ነገር ከዳር ማድረሳቸው፣ ልፋታቸው መታወቁ፣ ሥራው ራሱ፣ ኃላፊነት ማግኘታቸው። ስለዚህ የሚያስከፋውን ብታነሱለት ሰው መማረሩን ይተዋል እንጂ በዚያ ብቻ ሥራውን አይወድም። ይሄ ጥናት ኋላ ተተችቷል። ሰው ሲሳካለት ለራሱ ይወስዳል፣ ሲበላሽበት በሌላ ያሳብባል፤ መልሱ ከዚያ የመጣ ነው ያሉ አሉ። ትችቱ ሚዛን ይደፋል። እኔ ግን ሁለቱን ነገሮች ለይቶ ማየቱን ከመጋዘን ኑሮዬ ጋር ሳስተያየው ልክ ሆኖ አገኘዋለሁ። ማሽኑ በር ላይ ሲቀመጥ ማንም አልጨፈረም። ማጉረምረሙ ግን ቆመ።

ደሞዝ ላይ እንምጣ። ስለ መጠኑ አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ስለ ቀኑ ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቁብ አለ። ዕጣው የሚወጣው ደሞዝ በገባ ማግስት ነው። ደሞዝ ሳምንት ሲዘገይ ሂሳብ ክፍሉ የሚያየው የሳምንት መዘግየት ነው። ሠራተኛው ጋ ግን ዕቁቡ ይናጋል። ዕጣው የደረሳት ሴት የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ በዚያ ብር ልትዘጋ ቀጠሮ ሰጥታለች። ሰብሳቢው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ይለምናል። አንዱ ቀድሞ ከዘመድ ተበድሮ ከፍሏል፣ ሌላው አልከፈለም፤ መኮራረፍ ይመጣል። ጥፋቱ ከላይ ሆኖ ጥሉ ከታች ነው። አለቃው ደግሞ ስብሰባ ጠርቶ «እናንተ መካከል ፍቅር የለም» ይላል።

አንዳንዴ ብር እውነትም የለም። ደንበኛ አልከፈለም፣ ባንክ አዘገየ። ይገባኛል። ያኔ ቀድሞ መናገር ነው። ወሩ ሳያልቅ «እስከ አምስት ይዘገያል፣ ተዘጋጁ» የተባለ ሰው ዕቁቡንም አከራዩንም ቀጠሮ ያስለውጣል። ቀኑ ካለፈ በኋላ «ታገሱን» የተባለ ሰው ግን ተዋርዶ ነው የሚታገሠው።

ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል፣ ሌሊት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5። እሱን ሳትከፍሉ «እንደ ቤተሰብ ነን» አትበሉ።

አሁን ወደሚያስደስተው እንሂድ። ብዙ ቦታ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» የሚባል ፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ያየሁት ሁሌም አንድ መንገድ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጎበዞች ይሰቀላሉ። ከዚያ ሌላው ያኮርፋል። ከዚያ ለማስታረቅ ሲባል በየተራ ይሆናል። በየተራ ሲሆን ደግሞ ማንም አያየውም።

ሰውን የሚያቆመው ምን እንደሠራ ለይቶ የነገረው አለቃ ነው። አንድ ስቶር ጠባቂ ነበሩን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ጊዜ የመጣ ጭነት ላይ የጆንያው ቁጥር ልክ ነው፣ ሰነዱም ልክ ነው። እሳቸው ግን አንዱን ረድፍ በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «ይሄ እርጥበት ገብቶበታል» አሉ። ሲከፈት እውነት ነው፤ ከሥር ያለው መሻገት ጀምሯል። ሳይፈርሙ ስለቀሩ ኪሳራው ከእኛ ላይ ወረደ። ያ አዲሱ ኃላፊ በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጋሼ ምን እንዳዩና እንዴት እንዳዩት ራሳቸው እንዲናገሩ ጠየቃቸው። ከዚያ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እርሳቸው ሳይነኩት እህል አይገባም» አለ። ሰርተፍኬት የለም፣ ፖስታ የለም። ጋሼ ከዚያ በኋላ ሁለት ወጣቶችን አጠገባቸው አድርገው መዳበስ ሲያስተምሩ አየኋቸው። ማንም አላዘዛቸውም።

እዚህ ከተማ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አለን፤ አብሮ መኖር እናውቃለን። ዓርብ ለጁምዓ ሙስሊሙ ሲሄድ ክርስቲያኑ በሩን ይይዛል። በስቅለትና በፋሲካ ሙስሊሙ ተረኛ ይሆናል። ይሄ መመሪያ አልወጣለትም፣ ልጆቹ ራሳቸው ነው የሚጨርሱት። የአለቃው ሥራ አለማበላሸት ነው። በረመዳን የከባድ ሥራ ፈረቃ ወደ ማለዳ ቢገፋ፣ ማታ ፈረቃ ላይ ላለው ደግሞ ማፍጠሪያ ሰዓቱ ላይ ሥራ ቢቆም፣ ቴምርና ሾርባ ቢቀመጥ፣ ወጪው ትንሽ ነው። ጾመኛ ያልሆነውም አብሮ ይቀመጣል። ሳምቡሳ ካለ ማን ይሄዳል?

ለቅሶም አለ። ሕጉ የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከደሞዝ ጋር ይፈቅዳል። ያ የወረቀቱ ነው። አለቃው ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ፣ አግዳሚው ላይ ከሰው እኩል ቁጭ ብሎ ንፍሮውን ሲቀበል ግን ሐዘንተኛው አይረሳውም። አብረው የተቀመጡትም አይረሱትም።

አንድ አድማጭ ባለፈው፣ «እኔ የፈረቃ መሪ ነኝ፣ በጀት የለኝም፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ወንድሜ፣ የሐሳብ መስጫ ሳጥን አትስቀል። ቁልፉ ዝጎ የተንጠለጠለ ሳጥን ብዙ አይቻለሁ። ሰው ጋ ሂድ፤ ሥራው ላይ እያለ፣ ብቻውን ሲሆን። «ዛሬ ምን አስቸገረህ?» በለው። ጓንቱ ተቀዷል ይልሃል፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር አይዘጋም ትልሃለች፣ ጋሪው ጎማው ይጎትታል ይልሃል። ከእነዚህ አንዱን በዚያው ሳምንት አስጨርስ። የማትችለውን ደግሞ ሄደህ «ጠይቄ ነበር፣ በዚህ ምክንያት እምቢ ተብያለሁ» በለው። ዝም ካልከው ሁለተኛ አይነግርህም።

በሚቀጥለው ክፍል ያቆየሁትን እናወራለን፤ የደሞዝ መጠን ላይ አለቃና ሠራተኛ ሳይጣሉ እንዴት እንደሚነጋገሩ። ልምድ ያላችሁ ድምፃችሁን ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ፤ የድርጅቱን ስም ሳትጠሩ። አሁን ማራገቢያዬን ልክፈት። ደህና ሁኑልኝ።