የቅዳሜ ቮልስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ይህን የምቀዳው ቅዳሜ ማታ ነው። እጄን ሁለት ጊዜ በኦሞ አሽቼ ታጥቤያለሁ፣ ጥፍሬ ሥር ያለው ግሪስ ግን አሁንም አለ። ስለዚህ ስለሷ ባወራላችሁ ይሻላል፤ ስለ ቮልሴ።

የገዛኋት አምና ከፋሲካ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ናት፣ ሞተሯ 1300። አንድ ግቢ ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍና ሦስት ዓመት ቆማ ነው ያገኘኋት። የከፈልኩት ገንዘብ ለአንድ ያገለገለ ቪትስ ከሚጠየቀው ሩቡን አይሞላም። ለሥራ መሄጃ ብዬ አልገዛኋትም፤ ሥራ የምሄደው እንደ ድሮው በታክሲ ነው። የገዛኋት ቅዳሜ ቅዳሜ ልፈታትና ልገጥማት፣ እሁድ ደግሞ ከተነሳችልኝ ልነዳት ነው። ደስ እንዲለኝ ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይህን ስናገር ሰው ግራ ይገባዋል። አይፈረድበትም። እኛ ጋ መኪና ማለት ንብረት ነው፤ እንደ ቤት፣ እንደ መሬት። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በነዳጅ የሚሠራ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ዋጋው ሲወራ ይውላል። ታላቅ ወንድሜ ሊያያት መጣ፤ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረና «ቀለም አስቀቢያት፣ ትንሽ ቆይተሽ ሽጫት፣ ታተርፊባታለሽ» አለኝ። ለኔ አስቦ ነው። እኔ ግን እሱን ሳዳምጥ የማስበው ሌላ ነገር ነበር፤ ልጅ ብስክሌት ሲገዛለት ስንት ታተርፍበታለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ትልቅ ሰውም የሚጫወትበት፣ የሚማርበት ነገር ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ።

ስገዛት አብረውኝ የሄዱት ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ ያሳለፉ ሰው። ጋሼ ነው የምላቸው። ደላላው ስለ ቀለሟ፣ ስለ ወንበሯ ያወራል፣ ጋሼ መልስ አይሰጡትም። በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። ታች ያለችውን፣ ቺንጊያውን የምታዞረውን ትልቋን ፑሊ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ራሳቸው ሳብ፣ ወደ ፊት ገፋ አደረጓት። ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙ። «ነይ፣ አንቺም ያዣት» አሉኝ። ያዝኳት። አትነቃነቅም። «እዚህ ጋ ቋ፣ ቋ ካለ ሆዷ አልቋል ማለት ነው፤ ያኔ ጥለናት እንሄዳለን» አሉ። ቀላል ናት አይደል? ያለ አንድ መሣሪያ፣ በእጅ ብቻ። ቮልስ ልትገዙ ካሰባችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ቀጥሎ የኋላውን ወንበር አነሳን። የቮልስ ባትሪ ያለው ከሱ ሥር ነው። አሲድ ሲንጠባጠብ ስንት ዓመት ቆይቶ ከባትሪው በታች ያለው ላሜራ ወንፊት ሆኗል፤ መሬቱ ይታያል። በሱ ምክንያት ዋጋ አስቀነስን። ላሜራውን ቆርጦ አዲስ መበየድ የኛ አቅም አልነበረም፣ ለባለሙያ ሰጠን። እሱን አላረዝመውም።

ስለ ኋላው ወንበር ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ናት። ኋላ ለመግባት የፊቱን ወንበር ወደ ፊት አጥፎ፣ አንገት ደፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። ያን ወንበር ባጠፍኩ ቁጥር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። እኔ አልተወለድኩም፤ ግን ሁላችንም ስንሰማው ነው ያደግነው፣ ጃንሆይ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ሰው ሲያወራው ዙፋኑን፣ ደርግን፣ ዘመኑን ነው የሚያወራው። እኔ የማስበው ያቺን ወንበር ነው። የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ በዚያች ክፍተት ጎንበስ ብለው ሲያልፉ። መኪናዋ ያንኑ መንገድ ነው ለሁሉም የምትከፍተው።

እሺ፤ ወደ ሞተሩ ልመለስ። ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ከተነሳች በኋላ ባለው ሁለተኛ እሁድ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣሁባት። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቷ ከዳት። ከኋላ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፣ ስቆም የዘይቷ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ቮልስ የሙቀት መለኪያ የላትም፤ የምትነግራችሁ በአፍንጫና በጆሮ ነው። ጥላ ሥር አቁሜ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ልቤ ተሰብሮ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ክዳኑን ከፍተው ዝም ብለው አዩ፤ ቆይተው ጣታቸውን በሞተሩ ዙሪያ በላሜራው ጠርዝ ላይ አስኬዱ። «ጎማው የታለ?» አሉ። ምን ጎማ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልስ በውኃ አትቀዘቅዝም፣ በነፋስ ነው። ከኋላው መስታወት በታች ካሉት ስንጥቆች ንጹሕ አየር ይገባል፤ በቺንጊያ የሚዞረው ማራገቢያ ይስበውና ሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋዋል፤ የሞቀው አየር በታች ይወጣል። ላይና ታቹን የሚለየው በሞተሩ ዙሪያ የሚሄድ የጎማ ጥብጣብ ነው። ከዓመታት በፊት ሞተሩን አውርዶ የሠራ አንድ ጋራዥ ያንን ጎማ ሳይመልሰው ቀርቷል። ስለዚህ ሞተሯ የተነፈሰችውን ትኩስ አየር መልሳ እየሳበች ነበር። ያውም ዳገት ላይ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ አየሩ በሳሳበት።

ሁለት ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ተንከራተትኩ። «እህቴ፣ እሱ እንኳ የለም» የማይል ሱቅ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ከመደርደሪያ ጫፍ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወረዱልኝ። ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል፣ ጎማው ግን እንደ አዲስ ይለጠጣል። እዚህች መኪና ላይ ተስፋ የማይቆረጠው ለዚህ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ፣ ፑብላ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የሆነ ሰው የሆነ ቦታ አንዱን ዕቃ አስቀምጦታል።

ከጎማው ሌላ ግን አንድ ጭንቀት ነበረ። ሦስተኛው ሲሊንደር።

በዚህ ሞዴል ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው፤ ነፋሱን ይጋርደዋል። ሞተሯ ስትግል መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቩ በሙቀት ይሳባል፣ ይረዝማል፤ እሱን ከሚገፋው ብሎን ጋር ያለው ክፍተት ይጠባል። አንድ ቀን ቫልቩ ይበጠሳል፤ ሞተሩም አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ በየጊዜው መለካት አለበት። የሚለካው ደግሞ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሲያድር ነው፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበላ።

ሥራውን በጣም እወደዋለሁ። በኋላ ግራ ጎማ አጠገብ ሸራ አንጥፌ እጋደማለሁ። ቫልቮቹን የሚሸፍነውን ክዳን የያዘችውን የሽቦ ሞላ በካቻቢቴ ወደ ታች ስገፋት ጠብ ትልና ክዳኑ እጄ ላይ ይወድቃል፤ ትንሽ ዘይት ክንዴ ላይ ይንጠባጠባል። ጋሼ ከላይ ዲናሞውን በ21 ቁልፍ ቀስ ብለው ያዞራሉ። እኔ 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላትን የብረት ምላስ ቫልቩና ብሎኑ መካከል አስገባለሁ። ስትገባ ትንሽ መያዝ አለባት፤ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ። ከጠበበ ዳዶውን አላልቼ አስተካክላለሁ። «ያዝ አደረጋት?» ይላሉ ከላይ። «አዎ ጋሼ።» «ቀጥይ።» ስምንት ቫልቭ ነው። ስምንተኛው ላይ ሥራው ያልቃል።

ያልቃል የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። ሰኞ የጀመርኩት ፋይል ዓርብ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መጨረሻውን አላየውም። እዚህ ግን ክዳኑን ገጥሜ፣ ሽቦዋን ጠብ አድርጌ ስመልስ የሠራሁትን ነገር ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ። ስሞቹንም ጭምር። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፤ ጣልያን ጥሎልን የሄደው የጋራዥ ቋንቋ ነው። ጀርመን የሠራትን መኪና በጣልያን ቃል እየጠራን በአማርኛ እንጠግናታለን። ጋሼ እነዚህን ቃላት ከአለቃቸው ሰሙ፣ እኔ ከሳቸው።

የሦስተኛውን ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ መጀመሪያ ስለካው ምላሷ ጭራሽ አልገባችም። አስተካከልኩት። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ስለካው እንደገና ጠቦ ነበር። ጋሼ ያኔ ምንም አላሉም፤ ሻይ ጠጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። የጎማው ጥብጣብ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ከገጠምነው በኋላ ሌላ 500 ኪሎ ሜትር ነዳኋት፤ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ አንድ እሁድ ቢሾፍቱ።

ዛሬ ጠዋት ለካሁት። አንደኛው፣ ሁለተኛው ደህና ናቸው። ሦስተኛው ጋ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠና ትንፋሼን ያዝኩ። ምላሷን አስጠጋሁ። ገባች። ትንሽ ያዝ አደረጋት፣ እንደዚያው እንደተውኳት። አላመንኩም፣ አውጥቼ ደግሜ አስገባሁ። ገባች።

«ያዝ አደረጋት?» አሉ ጋሼ ከላይ።

ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንጦጦ እንወጣለን። ጋሼ ከፊት ይቀመጣሉ፤ እኔ እነዳለሁ።