አፊሌ፦ ወይኑ፣ ወንፊቱና የግራዚያኒ ሐውልት

በረከት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ጣሊያን ነን፤ ሮምን ግን ትተን ወደ ተራራው ወጥተናል። ሄለን፣ ከዚያ ሁሉ ከተማ አፊሌን መምረጥሽ ገርሞኛል። እኛ የምናውቃት በአንድ ነገር ብቻ ነው።

ሄለን፦ ለዚያ እኮ ነው የመረጥኳት! ሐውልቱ ጋ እንደርሳለን፣ አይዞህ። መጀመሪያ ግን አገሩን ልንገርህ። ከሮም በስተ ምሥራቅ፣ የአኒየኔን ወንዝ ሸለቆ ይዘህ ስትወጣ ሱቢያኮ አለች፤ እሷን ትንሽ አለፍ ስትል አፊሌን ታገኛለህ። ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ 1,500 ያህል ሰው የሚኖርባት። ወጣቱ ለሥራ ወደ ሮም ይወርዳል። እንደዚያ አካባቢ ትናንሽ ከተሞች ሁሉ።

በረከት፦ ከፍታዋስ?

ሄለን፦ 700 ሜትር አይሞላም።

በረከት፦ (እየሳቀ) ቆላ ነዋ!

ሄለን፦ በእኛ ሚዛን ቆላ ነው፤ የጥር ብርዱ ግን የደጋ ነው። በዙሪያዋ ወይራና ወይን ነው የሚበቅለው። በተለይ ወይኑ! ቼዛኔዜ የሚባል ቀይ ወይን አላቸው፤ አንዱ ዝርያ እንዲያውም በከተማዋ ስም ቼዛኔዜ ዳፊሌ ይባላል። ፍሬው አነስ ያለ፣ የሚበስለውም ዘግይቶ ነው፤ ለቀማው ጥቅምት ድረስ ይሄዳል። ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የወይን ስም ነው። እኔ ብሆን ከተማዋን የማስተዋውቀው በዚህ ነበር።

በረከት፦ በቅዱስ ቤኔዲክቶስስ? እሱም እዚያ ነበር ይባላል።

ሄለን፦ አዎ! የምዕራቡ ገዳማዊ ሥርዓት አባት የሚሉት። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ገድሉን ሲጽፍ እንዲህ ይላል፦ ቤኔዲክቶስ ገና ወጣት ሳለ የሮምን ትምህርት ትቶ ከሞግዚቱ ጋር እዚህ መጣ፤ ማረፊያቸውም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ሞግዚቱ ስንዴ ልታበጥር ከጎረቤት የተዋሰችው ወንፊት ተሰበረባት። አለቀሰች።

በረከት፦ የሰው ዕቃ ነዋ፣ ምን ብላ ትመልሰው!

ሄለን፦ ልጁ ስብርባሪውን ይዞ ጸለየ፤ ወንፊቱ ተጠገነ። ሰዉ ተደንቆ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰቀለው። ቤኔዲክቶስ ግን ዝናውን ሸሽቶ ሱቢያኮ ዋሻ ገባ፤ ሦስት ዓመት በዚያ ኖረ። ታሪኩ ከእኛ ገድላት ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አየህ?

በረከት፦ አየሁ። የከበደኝም እሱ ነው። የመነኮሳት አባት ባረፈበት ከተማ፣ መነኮሳትን ላስረሸነ ሰው ሐውልት ይቆማል?

ሄለን፦ እሺ፣ እንግባበት። ግራዚያኒ የተወለደው እዚያው አካባቢ፣ ፊሌቲኖ ነው። በኋላ አፊሌ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሞትም የተቀበረው አፊሌ መቃብር ውስጥ ነው። ከየካቲት 12 እልቂት በኋላ፣ ግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንዲረሸኑ ያዘዘው እሱ ነው። ለሮም ያሳወቀው ቁጥር 449 ነው፤ ተመራማሪው ኢያን ካምፕቤል ግን የተገደሉትን ከ1,800 እስከ 2,200 ያደርሷቸዋል።

በረከት፦ አልተፈረደበትም?

ሄለን፦ በእኛ ጉዳይ በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ1950 የጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበት፤ ግን ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ ነው። ያንኑም ሳይጨርስ በወራት ውስጥ ተፈታ።

በረከት፦ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 ሐውልት።

ሄለን፦ ነሐሴ ላይ ተመረቀ። "አገር" እና "ክብር" የሚሉ ቃላት ተጽፈውበታል። በጣም የሚያናድደኝ ገንዘቡ ነው፤ ከላዚዮ ክልል ካዝና የወጣ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ከ120,000 ዩሮ በላይ። ለማይታወቀው ወታደር መታሰቢያ ተብሎ ነበር የተጠየቀው።

በረከት፦ እኛም ዝም አላልንም። በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ ሰልፍ ወጣ፣ ደብዳቤ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሊቃወሙ የወጡት ታሰሩ! እሱን እስካሁን ማመን ያቅተኛል።

ሄለን፦ ጣሊያኖችም ተቃውመዋል፣ ይህን መርሳት የለብንም። የፀረ ፋሺስት አርበኞች ማኅበራቸው ክርክሩ ውስጥ ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከንቲባውና ሁለት የምክር ቤት አባላት ፋሺዝምን በማወደስ ተፈረደባቸው፤ ይግባኙም አጸናው። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ሰበር ሰሚው ሻረው።

በረከት፦ ታዲያ ሮም ያለ አድማጫችን ይሂድ ትያለሽ?

ሄለን፦ ይሂድ። ከፖንቴ ማሞሎ ጣቢያ ወደ ሱቢያኮ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ጠዋት የቤኔዲክቶስን ዋሻ ይይ፣ ከዚያ ወደ አፊሌ ይውጣ። ምሳውን በቼዛኔዜ ያወራርድ።

በረከት፦ ሐውልቱ ጋስ?

ሄለን፦ ሄዶ ይየው እንጂ! ከዚያ ከአካባቢው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ይጠይቅ፤ ደብረ ሊባኖስ የሚባል ገዳም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ይበል። በግድግዳ ላይ ከመጮህ ያ ይሻላል።

በረከት፦ እኔ ሁለቱንም ነው የማደርገው።