ምን ልታውቁ ነው የምትሄዱት? የተጠቃሚ ጥናት ዘዴ ስለመምረጥ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከደሴ ነው የማወራችሁ። ዛሬ የማነሳው የተጠቃሚ ጥናትን ነው፤ በተለይ ዘዴ የመምረጡን ነገር። አፕ ይሁን ድረ ገጽ ይሁን የክፍያ አገልግሎት፣ አንድ ነገር ልንሠራ ስንነሳ የሚገለገሉበትን ሰዎች እንዴት ነው የምናውቃቸው? መጠይቅ እንበትን? ቁጭ ብለን እናውራቸው? ወይስ ሥራቸውን ሲሠሩ አጠገባቸው ሆነን እንይ?

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ተምረው ከወጡ ልጆች ጋር ቡና ስንጠጣ ይህ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። የብዙዎቹ መልስ ደግሞ አንድ ነው፤ «ጉግል ፎርም አዘጋጅተን ቴሌግራም ላይ እንልቀቀው።» ይገባኛል። ወጪ የለውም፣ ማታ ተለቆ ጠዋት መልስ ይገኝበታል። እኔ ግን ስለ ዘዴ ከመነጋገራችን በፊት የምጠይቀው አለኝ። ጥናቱን ጨርሰን ስንመለስ የምንወስነው ምንድነው? መልሱ እንዲህ ቢሆን ምን እናደርጋለን፣ እንዲያ ቢሆንስ? በሁለቱም መንገድ የምናደርገው ያው ከሆነ ሰዎቹን ከሥራቸው ባናስፈታቸው ይሻላል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ለትንንሽ ሱቆች የዱቤ መመዝገቢያ አፕ እንሥራ ተባለ እንበል። «ባለሱቆች ዱቤን እንዴት ነው የሚይዙት?» አንድ ጥያቄ ነው። «ከባለሱቆቹ ስንቶቹ ናቸው በዱቤ የሚሸጡት?» ሌላ ነው። «የሠራነውን አፕ ከፍተው አዲስ ዱቤ መመዝገብ ይችላሉ ወይ?» ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። የመጀመሪያው እግር ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ቁጥር ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ስልኩን ሰጥቶ ዝም ማለት ይፈልጋል። ሦስቱን በአንድ ጉግል ፎርም ልመልስ ያለ ሰው አንዱንም በወጉ አይመልስም።

የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው እሱ ነውና።

ሸዋ በር አካባቢ አንዲት እናት ሱቅ አላቸው። አስፈቅጄ ጥግ ላይ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ፣ «እትዬ፣ ዱቤ መያዙ አያስቸግርዎትም?» አልኳቸው። «ኧረ ምን ያስቸግራል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። መጠይቅ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ላይ አለቀ፤ «ችግር የለም» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

ደብተሩ ሚዛኑ አጠገብ በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ገጾቹ ላይ የአባት ስም የሚባል ነገር የለም፤ «ባለ ባጃጁ»፣ «የሰኢድ እናት»፣ «ፎቅ ላይ ያለችው» ነው የሚለው። አንዲት ልጅ ተልካ መጣች፣ ስኳርና ሳሙና ወሰደች። እትዬ ዋጋውን ጻፉ፣ ከበፊቱ ደመሩ፣ ከዚያ ደብተሩን ወደ ልጅቷ አዙረው «አንብቢው» አሏት። ልጅቷ ድምሩን ጮክ ብላ አነበበችና ሄደች። ቤት ስትደርስ ለእናቷ ትነግራለች ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው ሒሳቡን በቴሌብር ከፈለ። የሱን ስልክ አላዩም፤ የራሳቸው ስልክ ላይ መልእክቱ እስኪገባ ጠበቁ። ሲገባ እሱ እያየ ገጹን ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዙት።

ያ ደብተር ማስታወሻ ብቻ አይደለም፤ በሁለት ሰው መካከል የቆመ ምስክር ነው። ባለዕዳው ያየዋል፣ ሲሰረዝለትም ያያል። እንግዲህ ይህን ወስደን እሳቸው ብቻ በሚያዩት ስልክ ውስጥ ብንከተው ምስክሩን አጠፋነው ማለት ነው። አፑ ደንበኛውም የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል፤ አጭር መልእክት ሊሆን ይችላል፣ ስልኩን አዙሮ የሚታይ ትልቅ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ይህን አስቀድሞ መጠይቅ ላይ ምርጫ አድርጎ የሚጽፍ ሰው የለም፤ የማያውቁት ነገር በምርጫ አይቀመጥም። እትዬም አልዋሹኝም። በየቀኑ የሚያደርጉት ስለሆነ ይነገራል ብለው አላሰቡትም።

እንዲህ ሥራ ቦታ ድረስ ሄዶ የማየቱን ዘዴ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሂው ባየርና ካረን ሆልትስብላት የተባሉ አጥኚዎች በደንብ አደራጅተውታል። አጥኚው እንደ ተለማማጅ፣ ባለሥራው እንደ መምህር ሆነው ይቀመጣሉ። ይህ ለእኛ ሰው በጣም ይመቻል ባይ ነኝ። ሰው ሲጠየቅ ይጠነቀቃል፤ «እስቲ ያሳዩኝ» ሲባል ግን ደስ ብሎት ያሳያል።

ቃለ መጠይቅ አይረባም ማለቴ አይደለም። አጠያየቁ ነው። «እንዲህ ያለ አፕ ብንሠራ ይጠቀሙበታል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እምቢ የሚል አታገኙም። ቤቱ የመጣን እንግዳ ማን ያሳፍራል? ስለዚህ ስለሚመጣው ሳይሆን ስላለፈው ነው መጠየቅ ያለበት። «ለመጨረሻ ጊዜ በዱቤ የተነሳ ከደንበኛ ጋር የተቀያየማችሁት መቼ ነው? እንዴት ተጀመረ? በምን ተፈታ?» ሲባል ሰው ትዝ ያለውን ይነግራችኋል። ይሉኝታ እዚያ ላይ ጉልበት የለውም።

የቡድን ውይይት ላይ ግን ጥንቃቄ አበዛለሁ። ቡና ተፈልቶ፣ ጭሱ ጨሶ፣ ሰዉ ሰብሰብ ሲል ጨዋታው ደስ ይላል። ግን ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ሌላው «ልክ ነው» እያለ ይቀጥላል። ሰዎች አንድን ነገር በምን ቃል እንደሚጠሩት ለመስማት ጥሩ ነው፤ ለውሳኔ ግን አልደገፍበትም።

አሁን አፑ ተሠርቷል፣ ወይም በወረቀት ተስሏል እንበል። እዚህ የሚያስፈልገው ሙከራ ነው፤ ሰው ሲገለገልበት እያዩ የት እንደሚቸገር መፈተሽ፣ ዩዛቢሊቲ ቴስት የምንለው። «አምስት ሰው ይበቃል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። መነሻው ያዕቆብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስሌት ነው። አንድ ተፈታኝ በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ካወጣ፣ አምስት ሰው ወደ 85 በመቶ የሚሆነውን ያወጣል። ይህ ግን ችግር ለማግኘት ነው። ከአምስቱ አራቱ ወደዱት ብሎ «80 በመቶ ተጠቃሚ ወዶታል» ማለት ነውር ነው። ደግሞም አምስቱ አንድ ዓይነት ሰዎች ሲሆኑ ነው። የደሴ ነጋዴና ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ወጣት አንድ ወገን አይደሉም፤ ለየብቻ ይፈተሹ።

በሙከራ ላይ «የሚያስቡትን ጮክ ብለው ይናገሩ» የሚባል ዘዴ አለ። ክሌይተን ሉዊስ የሚባል ተመራማሪ አይቢኤም የኮምፒውተር ኩባንያ ሳለ በ1982 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራ ያስተዋወቀው ነው። እኛ ጋ ትልቅ ሰው እንግዳ ፊት ብቻውን ሲያወራ ይከብደዋል። ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎችን አንድ ስልክ ሰጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል፤ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ሐሳባቸው ይሰማል። ሌላም ነገር ጠብቁ። ሰውዬው ቁልፉን አጥቶ ሲቸገር፣ እናንተ ማዘናችሁን ካየ «አብሽር ልጄ፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ» ብሎ ያጽናናችኋል። ያኔ መስመሩን ጻፉ፤ የት ገጽ ላይ «አብሽር» እንደተባላችሁ መዝግቡ። ችግሩ እዚያ ነው ያለው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ስንቶቹ በዱቤ ይሸጣሉ የሚለው መጠይቅ ይፈልጋል፣ ጥያቄዎቹም ከሱቅ ውሎው ይወጣሉ። ለትልቅ ሕዝብ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ (ውጤቱ ከእውነተኛው ቁጥር ሊርቅ የሚችልበት ልክ)፣ 385 ሰው ገደማ ይፈለጋል። ግን በዕጣ የተመረጠ 385 ነው። ቴሌግራም ላይ የተገኘ 2,000 መልስ ስማርት ስልክና ዳታ ስላለው፣ ፎርም መሙላት ስለሚወድ ሰው ነው የሚነግራችሁ። እትዬ እዚያ ውስጥ የሉም።

ኤ ቢ ቴስት የሚባለውን፣ ለግማሹ ሰው አንዱን ዓይነት ገጽ ለግማሹ ሌላውን አሳይቶ የማወዳደሩን ዘዴ፣ ለጊዜው ተዉት። ለምሳሌ ገጹን አይቶ የሚመዘገበው ሰው ከ10 በመቶ ወደ 12 በመቶ ቢሄድ፣ ያንን ለውጥ በአስተማማኝ ሁኔታ ለመለየት ለእያንዳንዱ ወገን ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ያስፈልጋል። መቶ ሁለት መቶ ተጠቃሚ ላለው ጀማሪ የሚሆን አይደለም።

ዘዴው በትክክል ተመርጦም ቀኑ ሊያጠፋው ይችላል። ደሴ ሰኞ ገበያ ነው፤ ሰኞ የሚታየውና ረቡዕ የሚታየው ሱቅ አይመሳሰልም። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ደመወዝ ሲወጣ ዱቤው ይከፈላል፣ ሳምንት ሳይሞላ መልሶ ይጀመራል። ረመዳን ሲገባ፣ ሁዳዴ ሲያዝ የሚሸጠው ዕቃ ይቀየራል። በአንድ ቀን ምልከታ ይህ አይያዝም። እንዲህ ላለው የውሎ ማስታወሻ ጥሩ ነው፤ ባለሱቁ ማታ ሱቁን ሲዘጋ በቴሌግራም አጭር የድምፅ መልእክት ይላክልኝ እላለሁ። ጻፉ ከማለት ተናገሩ ማለት ይቀላል፤ ብዙ ሰው በስልኩ አማርኛን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው፣ ረዘም ያለ ነገር ሲሆን ይሰለቻል። ላጠፉት ጊዜና ለዳታው ካርድ መሙላት ደግሞ ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከሱቅ ስትወጡ ደብተሩን ፎቶ ማንሳት ያምራችኋል። ባለሱቋ ቢፈቅዱ እንኳ ስሞቹ የሳቸው አይደሉም፤ የሰኢድ እናት አልተጠየቀችም። ሰፈር ውስጥ የሰው ዕዳ መታየት ቀላል ነገር አይደለም። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ስም ያለበትን ዓምድ በወረቀት ሸፍኑ። ካልተመቸ የገጹን አሰራር በእጃችሁ ሣሉት፤ ለዲዛይኑ የሚያስፈልገው የመስመሮቹ አቀማመጥ ነው።

በሉ፣ ቸር ሰንብቱ።